«ማሽን ላይ የገባ ሰው ይወጣል?»

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ስለ አይሲዩ፣ ማለትም ስለ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚጠይቁ ብዙ መልእክቶች ደርሰውኛል። ለእያንዳንዱ መመለስ ስላልቻልኩ ዛሬ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፍላችሁ። ረዘም ይላል፤ ጊዜ ስታገኙ አንብቡት። ውስጡ ያለው የአባትና የልጅ ታሪክ ከብዙ ታካሚዎች የተገጣጠመ ስለሆነ «ማን ይሆን?» ብላችሁ አትድከሙ።

ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ከአይሲዩ በር ውጪ አንዲት ወጣት የስምምነት ፎርም ይዛ ቆማለች። እስክሪብቶው እጇ ላይ ነው፤ ግን አትፈርምም። አባቷ 65 ዓመታቸው ነው። በሳልና በትኩሳት አምስት ቀን ቤት ቆይተዋል። ከፋርማሲ መድኃኒት ተገዝቶላቸዋል፣ ዳማከሴ ተጨምቆላቸዋል፣ «ብርድ ነው፣ ይለቃቸዋል» ተብሏል። አሁን ሁለቱም ሳንባቸው በኢንፌክሽን ተይዟል። በማስክ የምንችለውን ያህል ኦክስጅን እየሰጠናቸው እንኳ የደማቸው የኦክስጅን መጠን ከ82 አላለፈም። ጤነኛ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ እሳቸው 42 ጊዜ ይተነፍሳሉ። የአንገታቸውና የሆዳቸው ጡንቻ ሳይቀር እየታገለ ነው። ላብ አጥምቋቸዋል። ከሁለት ቃል በላይ አከታትለው መናገር አልቻሉም።

እኔ የጠየቅኳት በአፋቸው በኩል ቱቦ አስገብተን ቬንቲሌተር፣ ማለትም መተንፈሻ ማሽን ላይ እንድናደርጋቸው እንድትፈቅድ ነው። እሷ ደግሞ መልሳ ጠየቀችኝ፦ «ዶክተር፣ በእግዚአብሔር እውነቱን ይንገሩኝ። ማሽን ላይ የገባ ሰው ይወጣል?»

ይህን ጥያቄ ስሰማ አልቆጣም። ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ አገራችን ከገባ በኋላ «ቬንቲሌተር» የሚለው ቃል በየቤቱ ገባ። ኤካ ኮተቤ ሆስፒታልና ሚሌኒየም አዳራሽ የኮቪድ ማዕከል በነበሩበት ጊዜ ያልተጨነቀ ቤተሰብ የለም። «እገሌ ማሽን ላይ ገባ» ከተባለ በኋላ የሚመጣው ስልክ ብዙ ጊዜ መርዶ ነበር። ስለዚህ ሰው «ገዳዩ ማሽኑ ነው» ብሎ ደመደመ። ግን እስቲ አስቡት፤ ማሽን ላይ የሚገባው ከሁሉም የባሰበት ታካሚ ነው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሰው ጃንጥላ ስለያዘ ዝናቡን ያመጣው ጃንጥላው ነው አንልም አይደል?

የዚህ ፍርሃት ችግሩ ሰዓት መብላቱ ነው። ቤተሰብ «ወንድማችን ከአዋሳ ይምጣና እንወስን» ይላል። ወንድም እስኪመጣ የታካሚው የመተንፈሻ ጡንቻ ይዝላል፣ ኦክስጅን ይወርዳል፣ በመጨረሻ ልብ ይቆማል። ቱቦው ልብ ከቆመ በኋላ ሲገባና ታካሚው ገና እየታገለ ሳለ ሲገባ ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። ከዚያ ዘግይቶ የገባው ታካሚ ሲሞት «አየህ፣ ማሽን ላይ አድርገው ገደሉት» ይባላል፤ ወሬው ለሚቀጥለው ቤተሰብ ይተላለፋል፣ እነሱም ይዘገያሉ።

አይሲዩ የሚሠራው ምንድን ነው?

በአጭሩ፦ ጊዜ ይገዛል። ቬንቲሌተር የሳንባ ምችን አያድንም። ኢንፌክሽኑን የሚያጠፋው አንቲባዮቲኩና የታካሚው የራሱ ሰውነት ነው። ማሽኑ የሚያደርገው፣ እነዚያ ሥራቸውን እስኪጨርሱ ሰውየው በኦክስጅን እጦትና በድካም እንዳይሞት መያዝ ነው። ልቡ ሲደክም በመድኃኒት፣ ኩላሊቱ ሲቆም በዲያሊሲስ እንዲሁ።

ሐሳቡ የተወለደበትን ታሪክ ብነግራችሁ ይገባችኋል። በፈረንጆቹ 1952 የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን በፖሊዮ ወረርሽኝ ተመታች። በሽታው የመዋጫና የመተንፈሻ ጡንቻን ሽባ ሲያደርግ ልጆች አእምሯቸው ንቁ ሆኖ ታፍነው ይሞቱ ነበር። ብሌግዳም የተባለው ሆስፒታል የነበረው ትልቅ የመተንፈሻ ማሽን አንድ ብቻ ነው፤ ከሱ ሌላ ስድስት አነስተኛ መሣሪያዎች ነበሩ። መተንፈስ ካቃታቸው የመጀመሪያዎቹ 31 ታካሚዎች 27ቱ ሞቱ።

ቢዮርን ኢብሰን የተባሉ የሰመመን ሐኪም ለምክክር ተጠሩ። በነሐሴ መጨረሻ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ልትሞት ስትቃረብ አንገቷ ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ ቱቦ ገባላት፤ ኢብሰን ከቱቦው ጋር የተያያዘውን የጎማ ከረጢት በእጃቸው እየጨመቁ አየር ይሰጧት ጀመር። ልጅቷ ተረፈች። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የሚገርመኝ፦ ማሽን ስለሌለ ወደ 1,500 የሚጠጉ ተማሪዎች በፈረቃ ገብተው፣ ቀንና ሌሊት፣ ለሳምንታት፣ ከረጢት በእጃቸው ጨመቁ። በፖሊዮው ላይ የሚሠራ አንድም መድኃኒት አልነበረም። ሆኖም የሞቱ መጠን በጥቂት ወራት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ። በዓመቱ፣ በ1953፣ ኢብሰን እንዲህ ያሉ ታካሚዎች በአንድ ቦታ ሌት ተቀን የሚጠበቁበትን ክፍል ከፈቱ። አይሲዩ የሚባለው ነገር ከዚያ መጣ።

ያ ከረጢት ዛሬም አለ። አምቡ ባግ እንለዋለን። ታካሚ ከክፍል ወደ ክፍል ስናዘዋውር ወይም ማሽን እክል ሲገጥመው በእጃችን እንጨምቃለን። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ያለችውን ደቂቃ እጁ እየዛለ ያሳለፈ ነርስ ብትጠይቁ ታሪክ ይነግራችኋል።

ውስጥ ስትገቡ የምታዩት

ልጅቷ ፈረመች። አባቷን አስተኝተን ቱቦውን አስገባን። ጠዋት ልትጠይቃቸው ስትገባ ግን ደንግጣ ወደኋላ ተመለሰች፤ አባቷ በገመድና በቱቦ ተከበዋል፣ ማሽኑ ይጮኻል፣ እጃቸው በጨርቅ ከአልጋው ጋር ታስሯል።

በጩኸቱ ልጀምር። ከአልጋው በላይ ያለው ስክሪን ሞኒተር ይባላል። የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ የኦክስጅን መጠንና የትንፋሽ ብዛት ያሳያል። የሚጮኸው ቁጥር ከተቀመጠለት ገደብ ሲወጣ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጣት ላይ ያለችው መቆንጠጫ ተንሸራታ ወይም ታካሚው ተንቀሳቅሶ ነው። ነርሷ ሳትሮጥ ከመጣች ንቃ አይደለም፤ የትኛው ድምፅ የሚያስሮጥ እንደሆነ ስለምታውቅ ነው። እናንተ ስክሪኑን ትታችሁ ሰውየውን እዩት።

ስለዚያች የጣት መቆንጠጫ አንድ ነገር፣ ብዙዎቻችሁ ከኮቪድ ጊዜ ጀምሮ ቤታችሁ ስላለች። በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት መሣሪያዋ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ አንዳንዴ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር እንደምታሳይ አረጋግጧል። ስለዚህ «94 ነው፣ ደህና ነኝ» እያሉ መተንፈስ ካቃታችሁ እመኑ ትንፋሻችሁን እንጂ ቁጥሩን አይደለም። በሌላ በኩል አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች የጤነኛ ሰው ቁጥርም ቆላ ካለው ሰው ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ከ90 በታች ከሆነ ወይም አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ ከተነፈሰ ግን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ነገ አይባልም።

ቱቦው። በአፍ ገብቶ በድምፅ አውታሮች መካከል አልፎ ትንፋሽ ቧንቧ ውስጥ ይቀመጣል። ታካሚው የማይናገረው ለዚህ ነው። ማሽኑ በዚያ በኩል አየርና ኦክስጅን ይገፋል። ድሮ ሐኪሞች ብዙ አየር መግፋት ጥሩ ነው ብለው ያስቡ ነበር። በ2000 አሜሪካ ውስጥ በ861 ታካሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ይህን ገለበጠው፦ በአንድ ትንፋሽ ትንሽ አየር (በቁመት ከሚሰላው ክብደት በኪሎ 6 ሚሊ ሊትር ገደማ) የተሰጣቸው ታካሚዎች 31 በመቶው ሲሞቱ፣ የድሮውን ያህል (በኪሎ 12) የተሰጣቸው ደግሞ 40 በመቶ ገደማ ሞቱ። የታመመ ሳንባ ውስጡ በፈሳሽ ስለሚሞላ አየር የሚገባበት ቦታ ትንሽ ነው፤ በኃይል ስንነፋው ያቺኑ ጤነኛ የቀረችውን ክፍል እንቀዳታለን። ይህን ለማወቅ አዲስ ማሽን አላስፈለገም። አንድ ሜትርና ስሌት በቂ ነው።

በሁለተኛው ቀን ልጅቷ አባቷን በሆዳቸው ተገልብጠው አገኘቻቸው። «ምን አድርጋችኋቸው ነው?» አለች። ሳንባ በጀርባ በኩል ሰፊ ነው። ታካሚ በጀርባው ሲተኛ ያ ሰፊ ክፍል ይጨፈለቃል፤ ሲገለበጥ ይከፈታል። በ2013 የታተመ የፈረንሣይ ሐኪሞች የመሩት ጥናት፣ ሳንባቸው ክፉኛ የተጎዳ ታካሚዎችን በቀን ቢያንስ 16 ሰዓት በሆድ ማስተኛት በ28 ቀን ውስጥ የሚሞቱትን ከ33 በመቶ ወደ 16 በመቶ እንዳወረደ አሳይቷል። መድኃኒት የለውም፣ ውድ መሣሪያ የለውም። የሚያስፈልገው አራት አምስት ሰው ቱቦው ሳይነቀል ተናቦ እንዲያገላብጥ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በእኛ ሁኔታ ከማሽን ይልቅ የሚያጥረን ይሄ የሰው እጅ ነው። አይሲዩን አይሲዩ የሚያደርገው ለአንድ ወይም ለሁለት ታካሚ አንድ ነርስ መኖሩ ነው። ማሽን በእርዳታም በግዢም ይመጣል፤ የሠለጠነ ነርስ ግን ዓመታት ይፈጃል።

የደም ግፊታቸው ሲወርድ ደግሞ ሴፕሲስ ወደሚባለው ደረጃ ደርሰው ነበር። ሴፕሲስ ማለት ኢንፌክሽንን ለመዋጋት የተነሳው ሰውነት ራሱን መጉዳት ሲጀምር ነው፤ የደም ሥሮች ይላላሉ፣ ግፊት ይወርዳል፣ ኩላሊትና አንጎል ደም ያጥራቸዋል። እዚህ ላይ ሰዓት ነው ወሳኙ። ግፊቱ ለወደቀ ታካሚ አንቲባዮቲክ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣል፣ አልበቃ ሲል ኖርአድሬናሊን የሚባል የደም ሥር የሚያጠብቅ መድኃኒት በፓምፕ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል። አንገታቸው ሥር ያያችሁት ወፍራም ካቴተር ለዚህ ነው። እሱ በቀጥታ ወደ ልብ አጠገብ ስለሚደርስ ባልታጠበ እጅ መንካት ጀርምን ደም ውስጥ መክተት ነው። በሩ ላይ «እጅ ይታጠቡ» ብለን የምንጨቀጭቃችሁ ወደን አይደለም።

እጅ መታሰሩስ? ታካሚ ግራ ተጋብቶ ቱቦውን ከነቀለ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ስለሚችል ነው። ቢሆንም እኔ አልወደውም፤ ከሚገባው በላይም እናስራለን። ቤተሰብ አጠገቡ ቁጭ ብሎ እጁን ሲይዘው ብዙ ታካሚ ማሰሪያውን አይፈልግም። እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒትም ልክ አለው። ቺካጎ ውስጥ ተሠርቶ በ2000 የወጣ ጥናት መድኃኒቱን በየቀኑ አቁሞ ታካሚውን ማንቃት ማሽን ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ከ7 ቀን ወደ 5 ቀን ገደማ እንዳሳጠረ አሳይቷል። ስለዚህ አባታችሁ ነቅተው፣ ሲያለቅሱም ሲበሳጩም ብታዩአቸው «ለምን አታስተኟቸውም?» ብላችሁ ከነርሷ ጋር አትጣሉ። ብዙ ጊዜ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ እዚያ በኩል ነው።

ከበሩ ውጪ ላላችሁ

ኮሪደር ላይ ጋቢ ለብሳችሁ የምታድሩትን ዘመዶች በየሌሊቱ አያችኋለሁ። የምትሠሩት ሥራ የላችሁም ማለት አይደለም።

ከሁሉ በፊት ከሐኪም ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው ምረጡ። አምስት ሰው አምስት ጊዜ ሲጠይቀኝ በአምስት ቋንቋ እንደተረጎምኩ ነው፤ ማታ ላይ ቤተሰቡ «አንዱ ይሻላል ብሏል፣ አንዱ አይተርፍም ብሏል» እያለ ይጣላል። የተመረጠው ሰው በየቀኑ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ «ከትናንት ዛሬ እንዴት ናቸው?» የኦክስጅን ፍላጎታቸው ቀነሰ? የግፊት መድኃኒቱ ቀነሰ? ሽንት አለ? ነቅተው ሲጠሯቸው ይሰማሉ? የዛሬ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ አቅጣጫው ነው የሚናገረው።

ጸበል ይዛችሁ ለምትመጡ፦ አልከለክላችሁም፣ ግን በአፍ አትስጡ። ቱቦ ያለው ሰው መዋጥ አይችልም፤ አንድ ጉንጭ ውኃ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አዲስ ኢንፌክሽን ይፈጥራል። ግንባራቸውን ለመቀባት ነርሷን ጠይቋት፣ ታሳያችኋለች። ምግብም እንዲሁ ነው። «አባዬ ሳምንት ሙሉ አልበላም» ብላችሁ አጥሚት በድብቅ አታስገቡ፤ በአፍንጫው በገባው ቀጭን ቱቦ እየተመገበ ነው። የታካሚው ራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ያለውም ምግቡ ወደ ሳንባ እንዳይመለስ ነው፤ «አንገቱ ያመዋል» ብላችሁ ዝቅ አታድርጉት።

አውሩለት። ያስተኛነው ሰው እንኳ ይሰማ ይሆናል። ስሙን ጥሩት፣ ቀኑን ንገሩት፣ መነጽሩንና የጆሮ መስሚያውን አምጡለት።

ወጪውንም ጠይቁ። በግል ሆስፒታል የአንድ ቀን የአይሲዩ ሂሳብ አንድን ቤተሰብ ያናጋል። «በቀን ስንት ነው? ስንት ቀን ይመስልዎታል?» ማለት አባትን በገንዘብ መለወጥ አይደለም። ቤት ከተሸጠ በኋላ ከመነጋገር በመጀመሪያው ቀን መነጋገር ይሻላል።

የማይወጡም አሉ

ለዚያች ልጅ «አዎ ይወጣል» ብዬ አልመለስኩላትም። ያልኳት እንዲህ ነው፦ «እህቴ፣ ቃል መግባት አልችልም። የአባትሽ በሽታ ሊድን የሚችል ነው፤ ከዚህ በፊት ልባቸውም ኩላሊታቸውም ደህና ነበር። ማሽኑን ካልሞከርን ግን እስከ ጠዋት የሚቆዩ አይመስለኝም። አምስት ቀን እንሞክር፣ ከዚያ ቁጭ ብለን ያለውን ነገር በግልጽ እነግርሻለሁ።»

ይህ የቀን ገደብ ያለው ሙከራ ይባላል፤ ለእኔ ለቤተሰብ ከምሰጠው ሁሉ ቅን የምለው እሱ ነው። ምክንያቱም አይሲዩ የሚረዳው ሊመለስ የሚችል ነገር ሲኖር ነው። ከእሳቸው ቀጥሎ ባለው አልጋ ካንሰሩ ጉበታቸውንና ሳንባቸውን የወረረ እናት ነበሩ። ልጆቻቸው «የሚቻለው ሁሉ ይደረግ» አሉ፤ ማንም ቀደም ብሎ እሳቸውን «እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?» ብሎ አልጠየቀም ነበር፤ በሽታቸውም ተደብቆባቸው ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ማሽን ላይ እያሉ አረፉ፤ ከልጆቻቸው ጋር አንድ ቃል ሳይለዋወጡ። እዚያ ላይ ሐኪሞችም አጥፍተናል፤ መጀመሪያ ቀን ልንናገር የሚገባንን ፈርተን በየቀኑ «እንጠብቅ» አልን። ለእኚያ እናት ሕመምን ማስታገስ፣ ትንፋሽን ማቅለል፣ ልጆችን አጠገባቸው ማድረግ ከቬንቲሌተር የተሻለ ሕክምና ይሆን ነበር። ሕክምና ማቆም ማለት አይደለም፤ የሕክምናው ግብ ሌላ ነው።

ከወጡ በኋላ

አባትየው በዘጠነኛው ቀን ከማሽን ወጡ። በድንገት አይነቀልም፤ ማሽኑ እርዳታውን ቀንሶ ለግማሽ ሰዓት ያህል ራሳቸው እንዲተነፍሱ ተሞክሮ፣ ሲችሉ ነው ቱቦው የወጣው። የመጀመሪያ ቃላቸው በተሻከረ ድምፅ «ውኃ» ነበር። ሁለተኛው ደግሞ «ይሄ አውቶቡስ ደሴ መቼ ነው የሚደርሰው?»

ልጅቷ አለቀሰች፤ አእምሯቸው የተነካ መስሏት። ይህ ዴሊሪየም ይባላል፤ ማሽን ላይ ከነበሩ ታካሚዎች ብዙዎቹ ይገጥማቸዋል። ሌሊትና ቀን ይምታታባቸዋል፣ ነርሷን ፖሊስ ያደርጓታል፣ ሰው ሊገድለኝ ነው ይላሉ። በአብዛኛው በቀናት ውስጥ ይለቃል። አትከራከሯቸው፣ አትሳቁባቸውም፤ ቀስ ብላችሁ የት እንዳሉ ንገሯቸው።

ከዚያ ረጅሙ ጊዜ ይመጣል፤ ስለሱ ማንም አይነግራችሁም። በአይሲዩ የተኛ ሰው ጡንቻው በፍጥነት ይሟሽሻል። እኚህ አባት ወደ ቤት ሲሄዱ ከወንበር ለመነሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። ለወራት ሌሊት ይባንኑ ነበር፣ ስም ይጠፋባቸው ነበር፣ በትንሽ ነገር ይቆጡ ነበር። ይህ ሁሉ የታወቀ የአይሲዩ ጠባሳ ነው፤ «አመለኛ ሆነ» አትበሏቸው። ፊዚዮቴራፒ፣ እንቁላሉም ምስሩም ሳይቀር በቂ ፕሮቲን፣ በቀን ትንሽ ትንሽ እርምጃ፣ ካልለቀቀ ደግሞ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያስፈልጋል። ከሆስፒታል ስትወጡ የክትትል ቀጠሮ ሳትይዙ አትውጡ።

በአራተኛው ወር ለክትትል ሲመጡ ክሊኒኩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ አይሠራም ነበር። ከዘራቸውን ይዘው፣ ልጃቸውን «አትደግፊኝ» እያሉ፣ ደረጃው መሀል ላይ አንዴ ብቻ ቆም ብለው ወጡ። ኦክስጅናቸውን ለካሁ፣ 93። ሳንባቸውን አዳመጥኩ። ስለ ደሴው አውቶቡስ ጠየቅኳቸው፤ እስከ ዛሬ የሾፌሩን ፊት ያስታውሱታል። ያ ሾፌር የማታው ነርሳችን ነው።

ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የታካሚ ፎቶና የላብራቶሪ ውጤት ግን አደባባይ ላይ አትለጥፉ፣ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። አሁን አይሲዩ በር ላይ ሆናችሁ የምታነቡ ካላችሁ፣ እግዚአብሔር ይማርላችሁ፤ የያዛችሁትን ጥያቄ ጻፉና ጠዋት ዙር ላይ ለሚመጣው ሐኪም አሳዩት።